ሰነድ የሌላት ጀግናና ጠያቂ ያጣች ምስክር፦ ስለ ተጋዳይ ሴቶች በምናስተምረው ላይ የቀረበ ሒስ

ምስጋና ለዓለማት ጌታ ለአላህ የተገባ ነው። የአላህ ሰላትና ሰላም በነቢያችን ሙሐመድ፣ በቤተሰቦቻቸውና በባልደረቦቻቸው ላይ ይስፈን።

ከዓመታት በፊት በአርዲቦ ሐይቅ ዳርቻ ካሉት መንደሮች በአንዱ ለሴት ደረሶች ሲራ አቀራ ነበር። አንድ ቀን የሴቶች ጀግንነት ሲነሣ፣ እኔም ከልጅነቴ ጀምሮ እንደ ሰማሁት የኸውላ ቢንት አል-አዝወርን ታሪክ ተረክሁላቸው። ወንድሟ ዲራር በሮማውያን እጅ በወደቀ ጊዜ ፊቷን ሸፍና፣ ፈረስ ጋልባ የጠላትን ሰልፍ ሰንጥቃ ገባች፤ የጦር አዛዡ ኻሊድ ኢብን አል-ወሊድ እንኳ ማንነቷን ለማወቅ ተቸገሩ እየተባለ የሚነገረውን። ደረሶቹ በደስታ አደመጡ። ትምህርቱ ሲያበቃ ግን የሐዲሥ ዕውቀት መግቢያን የጀመረች አንዲት ልጅ፣ «ኡስታዝ፣ ትናንት ስለ ውዱእ ባቀሩን ሐዲሥ ዘጋቢዎቹን አንድ በአንድ አስቆጥረውን ነበር። የኸውላስ ዘጋቢዎች እነማን ናቸው?» አለችኝ። መልስ አልነበረኝም።

ይህ ጽሑፍ ለዚያች ደረሳ የዘገየ መልስ ነው። ሒሱ በቅድሚያ በራሴ ላይ፣ ቀጥሎም እንደ እኔ በሚያስተምሩና ኹጥባ በሚያደርጉ ወንድሞቼ ላይ ነው። ነጥቡም አንድ ነው፤ ጉዳዩ የጦሃራ ወይም የንግድ ሑክም ሲሆን ሰነድ እንጠይቃለን፣ ጉዳዩ የሴቶች ተጋድሎ ሲሆን ግን ሚዛኑን እናስቀምጣለን። በዚህም ያልተረጋገጠው ይገንናል፣ የተሻለ መሠረት ያለው ይደበዝዛል። ከዚህ የከፋው ደግሞ በገዛ አገራችን ሊመሰክሩ የሚችሉ ሴቶች ማንም ሳይጠይቃቸው ወደ አኺራ መሄዳቸው ነው።

1. ሰነድ የሌላት ጀግና

የኸውላ ታሪክ ዋና ምንጭ «ፉቱሕ አሽ-ሻም» የተባለው መጽሐፍ ነው። መጽሐፉ በ207 ዓመተ ሂጅራ ከሞተው ከአል-ዋቂዲ ይጠጋል። እዚህ ላይ ሁለት ችግሮች አሉ። አንደኛው፣ አል-ዋቂዲ በመጋዚ ዕውቀቱ ስፋት ቢመሰገንም በሐዲሥ ሊቃውንት ዘንድ ደካማ ዘጋቢ ሆኖ መገኘቱ ነው። ሁለተኛውና ከባዱ፣ መጽሐፉ ዛሬ በእጃችን ባለው መልኩ የእርሱ ሥራ ስለ መሆኑ ተመራማሪዎች በእጅጉ መጠራጠራቸው ነው። አተራረኩ ከዘመኑ የመጋዚ መጻሕፍት ይልቅ በኋላ ዘመን በአደባባይ ይነገሩ ከነበሩ የጀግንነት ተረኮች ጋር ይመሳሰላል። የአል-ዋቂዲ ጸሐፊ የነበረው ኢብን ሰዕድ «አጥ-ጦበቃት» በተባለው ሥራው ለሴቶች አንድ ሙሉ ክፍል መድቧል፤ በዚያ ክፍል ኸውላ ቢንት አል-አዝወር አትገኝም። ከመምህሩ ብዙ የቀዳ ሰው እንዲህ ያለችውን ጀግና ሰምቶ ቢሆን ኖሮ ሳያነሣት ያልፍ ነበር ብሎ ማሰብ ይከብዳል።

ይህን ስል ኸውላ ፈጽሞ አልኖረችም ብዬ አልፈርድም። የምለው፣ ታሪኳን የተረጋገጠ አድርገን ለማስተማር የሚያበቃ መሠረት የለንም ነው። ዝናዋ ታላቅ ነው፤ በተባበሩት የዐረብ ኤሚሬቶች የሴቶች ወታደራዊ ትምህርት ቤት ሳይቀር በስሟ ተሰይሟል። ዝና ግን ሰነድን አይተካም። ለዚህ ሁሉ ዝና ያበቃት፣ ይመስለኛል፣ ታሪኳ ለተራኪ ምቹ መሆኑ ነው፤ ፊቷ የተሸፈነ ነው፣ ስለምትኖርበት ቤት ብዙ አናውቅም፣ ቁስል አይታይባትም። ከኹጥባ በኋላ ምንም ጥያቄ አታስነሣም።

2. ጠባሳዋን ያሳየች ምስክር

በአንጻሩ ኡሙ ዑማራ ኑሰይባ ቢንት ከዕብ (ረ.ዐ.) አለች። የኸዝረጅ ጎሣ፣ የበኑ ማዚን ኢብን አን-ነጃር ሴት ናት። በሁለተኛው የዐቀባ ቃል ኪዳን ከተገኙት ሁለት ሴቶች አንዷ ነበረች። ስለ ኡሑድ ውሎዋ ኢብን ሂሻም በሲራው የመዘገበው ዘገባ የሚመጣልን በሌላ ሴት በኩል ነው፤ ይህች ሴት የሰዕድ ኢብን አር-ረቢዕ ልጅ ኡሙ ሰዕድ ናት። አባቷ በዚያው በኡሑድ ሸሂድ ሆኗል። እርሷም ወደ ኡሙ ዑማራ ገብታ፣ ለታላቅ ሴት በሚገባ የአክብሮት አጠራር አክስቴ ብላ፣ የዚያን ቀን ወሬዋን እንድትነግራት ለመነቻት።

ኡሙ ዑማራም ነገረቻት። በማለዳ የውኃ ስልቻ ይዛ ሰዎች የሚሠሩትን ለማየት ወጣች። ድሉ የሙስሊሞች በነበረበት ሰዓት ውኃ ይዛ ቆየች። ሰልፉ ሲፈታና ሰዎች ሲበተኑ ግን ወደ መልእክተኛው (ሰ.ዐ.ወ.) ተጠግታ በሰይፍ ተከላከለች፣ በቀስትም ወረወረች፣ እስክትቆስል ድረስ። ጠያቂዋ ኡሙ ሰዕድ በትከሻዋ ላይ ጎድጎድ ያለ ጥልቅ ጠባሳ እንዳየች ትመሰክራለች። ይህን ማን አደረሰብሽ ብላ ስትጠይቃት የመታት ኢብን ቀሚአ መሆኑን ነገረቻት። ከዚያ በኋላ በአቡ በክር (ረ.ዐ.) ዘመን በየማማ ጦርነት ተሰልፋ እጇን ማጣቷ፣ ልጇ ሐቢብም በሙሰይሊማ እጅ መገደሉ በሲራና በጦበቃት መጻሕፍት ተመዝግቧል።

ሚዛናችን ለአንዱ ጠብቆ ለሌላው እንዳይላላ፣ በዚህ ዘገባ ላይም እውነቱን መናገር ግድ ነው። ኢብን ሂሻም ወደ ኡሙ ሰዕድ የሚያደርሰውን ሰንሰለት ሙሉ አድርጎ አላቀረበም፤ በሐዲሥ ሊቃውንት መለኪያ መቋረጥ አለበት። አል-ዋቂዲና ኢብን ሰዕድ በሌሎች መንገዶች ያመጡት ዝርዝርም የራሱ ድክመት አለው። ስለዚህ በእርሷና በኸውላ መካከል ያለው ልዩነት ፍጹም በተረጋገጠና ፍጹም በፈጠራ መካከል ያለ ልዩነት አይደለም። ልዩነቱ የደረጃ ነው፤ ነገር ግን ሰፊ ነው። ኡሙ ዑማራ በቀደምት መጻሕፍት ሁሉ የምትታወቅ፣ ዘሯ፣ ባሏና ልጆቿ የተጻፉላት፣ ዘገባዋም ከብዙ አቅጣጫ የሚደገፍላት ሶሓብያ ናት። የመምህር ድርሻ ይህን ደረጃ ለደረሳው መንገር ነው።

በዚህ ዘገባ ውስጥ በተለይ ልናጤነው የሚገባ አንድ ነገር አለ። ዕውቀቱ እኛ ዘንድ የደረሰው አንዲት ወጣት ሴት ተነሥታ ሄዳ ስለ ጠየቀች ነው። ሳትጠይቅ ብትቀር ጠባሳው ከባለቤቱ ጋር በመቃብር በቀረ ነበር።

3. ውኃ ማመላለስ ውጊያ ነውን?

ሌላው ስሕተታችን ውጊያ የሚባለውን ነገር በሰይፍ ብቻ መለካታችን ነው። ኢማሙ አል-ቡኻሪ በሶሒሕ መጽሐፋቸው፣ በጂሃድ ክፍል፣ ሴቶች ከወንዶች ጋር ስለ መዝመታቸውና ስለ መዋጋታቸው አንድ ባብ ከፍተዋል። ከሥሩ ያመጡት ሐዲሥ ግን አነስ (ረ.ዐ.) በኡሑድ ቀን ዓኢሻና ኡሙ ሱለይም (ረ.ዐ.) የውኃ ስልቻ በጀርባቸው እየተሸከሙ ቁስለኞችን ሲያጠጡ ማየታቸውን የሚናገር ነው። ርእሱ ውጊያ ይላል፤ ሐዲሡ ውኃ ይላል። ይህ እንዴት ይታረቃል?

ኢብን ሐጀር በ«ፈትሑል ባሪ» ጥያቄውን አንሥተው የኢብኑል ሙነይይርን መልስ ይጠቅሳሉ። መልሱ ሁለት ነው። አንድም ተዋጊዎችን መርዳት ራሱ ዘመቻ ነው፤ አንድም ሴቶቹ በዚያ ሥፍራ ቁስለኛ ለማጠጣት ጸንተው የቆሙት ራሳቸውን ለመከላከል ተዘጋጅተው ካልሆነ በስተቀር ሊሆን አይችልም። ሁለተኛው ሚዛን የሚደፋ ሆኖ ቀርቧል። ኡሙ ሱለይም በሑነይን ቀን ጩቤ ታጥቃ መገኘቷና የሚጠጋትን ጠላት ልትወጋበት መሆኑን ለመልእክተኛው (ሰ.ዐ.ወ.) በግልጽ መንገሯ በሶሒሕ ሙስሊም ተዘግቦ ስለሚገኝ፣ ይህ አረዳድ ይጠነክራል።

አንዳንድ ወንድሞቻችን በተቃራኒው ጫፍ ቆመው፣ የሴቶች ጂሃድ ሐጅ መሆኑን የሚያመለክተውን የዓኢሻን (ረ.ዐ.) ሐዲሥ ይዘው፣ የእነዚህን ሶሓብያት ታሪክ ከናካቴው ያልፉታል። ሐዲሡ ሶሒሕ ነው። ኢብን በጧል እንዳስረዱት ግን የሚያመለክተው ግዴታ አለመሆኑን ነው፤ በፈቃዳቸው መሳተፋቸውን አይከለክልም። በወሎ መድረሳዎች ከሻፊዒይ ጎን ለጎን በሚቀራው የሐነፊ ፊቅህም፣ «አል-ሂዳያ»ን የቀራ ሁሉ እንደሚያውቀው፣ ጠላት በድንገት አገር ላይ በወደቀ ጊዜ መከላከል በሁሉም ላይ ግዴታ ይሆናል፤ ሴትም የባሏን ፈቃድ ሳትጠብቅ ትወጣለች።

ይህን የማነሣው ማንንም ለጦርነት ለመቀስቀስ አይደለም፤ ጦርነት ምን እንደሚያደርስ የእኛ አካባቢ ሰው ከማንም በላይ ያውቀዋል። የማነሣው ታሪክ የምንጽፍበት መለኪያ ስለ ሆነ ነው። መሣሪያ ያነሣውን ብቻ የምንቆጥር ከሆነ ከጦርነቱ ግማሹን አላየንም። ውኃ ያመላለሰችው፣ ቁስለኛ ያነሣችው፣ ስንቅ ያደረሰችው ሴት በእሳት መካከል ያለፈች መሆኗን የሐዲሥ ሊቃውንት ከእኛ ቀድመው አስተውለውታል።

4. ወርቂትና መስታወት፦ በሌሎች ብዕር የታዩ ሴቶች

አሁን ወደ አገራችን እንምጣ። ዐፄ ቴዎድሮስ በ1848 ዓ.ም. መባቻ መቅደላን ከያዙ ጀምሮ የወሎ ሰው ደጋግሞ አምፆባቸዋል። በዚህ ረዥም ትግል ሁለት ሙስሊም ሴቶች፣ ወይዘሮ ወርቂትና ወይዘሮ መስታወት፣ ለልጆቻቸው መብት እርስ በርስ እየተፎካከሩ ሕዝብና ጦር መርተዋል። የእንግሊዝ ጸሐፊዎች «ንግሥቶች» ይሏቸው ነበር። ይሁንና የእነዚህን ሴቶች ተግባር ከማን እንሰማለን?

ወርቂትን አብዛኛው አንባቢ የሚያውቃት በአንድ ቀን ነው። በ1857 ዓ.ም. ምኒልክ ከመቅደላ አምልጦ ወደ እርሷ ግዛት በገባ ጊዜ ልጇ በመቅደላ እስረኛ ነበር። ቴዎድሮስ ልጇን ከሌሎች የወሎ እስረኞች ጋር ገደሉት፤ እርሷም ምኒልክን ወደ ሸዋ እንዲሻገር ለቀቀችው። የምኒልክ ዜና መዋዕል ጸሐፊ ጸሐፌ ትእዛዝ ገብረ ሥላሴ ይህን የሚተርኩት፣ ለሥራቸው እንደሚገባ፣ የንጉሣቸው ማምለጥ ታሪክ አድርገው ነው። ወርቂት በገጹ ላይ የምትቆየው ምኒልክ በግዛቷ እስከ ቆየ ድረስ ነው። እርሷ ግን ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም ጦር የምትመራ ሰው ነበረች።

መስታወትም እንዲሁ ናት። በ1860 ዓ.ም. የእንግሊዝ ጦር በጄኔራል ናፒየር መሪነት መቅደላን ሲከብብ፣ ቴዎድሮስ እንዳያመልጡ የእርሷ ሰዎች መንገድ እንዲዘጉ ተጠይቃ ተባብራለች፤ ከድሉም በኋላ ወደ እንግሊዞች ሰፈር መጥታለች። የዘመቻውን ታሪክ የጻፈው ክሌመንትስ ማርካም መዝግቧታል፤ የመዘገባት ግን ለዘመቻው በጠቀመችው ልክ ነው። ከውጭ ጦር ጋር መተባበሯን ዛሬ ያለ ማመዛዘን ልናሞግስ አንችልም። በአንጻሩም በመቅደላ ገደል ሥር ልጆቹን ያጣ ሕዝብ መሪ እንደ ነበረች ዘንግተን ልንወቅሳት አይገባም። ሐያሲ የሚፈርደው የሁለቱን ወገን ቃል ከሰማ በኋላ ነው፤ የመስታወት ቃል ደግሞ አልተጻፈም።

እዚህ ላይ የራሳችንን የዑለማእ ወግ መውቀስ ግድ ይለኛል። ወሎ የዕውቀት አገር ነው። ሸኾቻችን በዐረብኛም፣ በዐጀም በተጻፈ አማርኛም ብዙ ደርሰዋል። ሟቹ ፕሮፌሰር ሑሴን አሕመድ በአሥራ ዘጠነኛው ምእተ ዓመት የወሎ እስልምና ላይ በጻፉትና በ2001 እ.ኤ.አ. በታተመው መጽሐፋቸው፣ የዑለማእንና የጦሪቃዎችን ታሪክ ከአገር ውስጥ የእጅ ጽሑፎችና ከቃል ምስክሮች አሰባስበው ትልቅ በር ከፍተዋል። ከ1870ው የቦሩ ሜዳ ጉባኤ በኋላ ስለ ተነሣው የሸኽ ጦልሐ ቢን ጃዕፈር ተጋድሎ ዛሬ የምናውቀው አብዛኛው በእንዲህ ያለ ጥናት የመጣ ነው። ጉዳያቸው ዑለማእ ስለ ነበሩ በሴቶች ላይ አለማተኮራቸው አያስወቅሳቸውም። የሚያስወቅሰው የእኛ፣ ከእርሳቸው በኋላ የመጣነው፣ በተከፈተው በር አለመግባታችን ነው። ያ ሁሉ ተጋዳይ ከቦታ ወደ ቦታ ሲንቀሳቀስ ማን ጋገረለት? ማን ደበቀው? ማን መልእክት አደረሰለት? ስለ ሸኾቹ ከራማ ስንሰማ ባደግንበት ወግ ይህ ጥያቄ ሲነሣ አልሰማሁም።

5. በአርበኝነት ታሪክ የሙስሊም ሴት ቦታ

ስለ 1928–1933ቱ የአርበኝነት ዘመን ያለው ጽሑፍ በዚህ ረገድ ይሻላል። ፀሐይ ብርሃነ ሥላሴ ስለ ሴት ሽምቅ ተዋጊዎች፣ ምናለ አዱኛም ስለ ሴቶችና ጦርነት በኢትዮጵያ የጻፉት መንገድ ከፍቷል። ከውስጥ አርበኝነት እስከ ጣሊያኗ የአዚናራ ደሴት እስራት የደረሰችው ሸዋረገድ ገድሌ፣ ባሏ ደጃዝማች አበራ ካሣ በ1929 ዓ.ም. በፍቼ ከተገደለ በኋላ ተዋጊ የመራችው ከበደች ሥዩም፣ ሕፃን ልጇን አዝላ የዘመተችው ልኬለሽ በያን ዛሬ የሚታወቁ ስሞች ናቸው።

እነዚህን ጀግኖች ማክበር ይገባል። ሐያሲ ግን ሌላም ነገር ያስተውላል። በብዛት የሚነሡት ማዕረግ፣ ዘመድ ወይም ጸሐፊ የነበራቸው ናቸው። የገጠር ሴት ስም ጥቂት ነው፤ የሙስሊም ገጠር ሴት ስም ደግሞ ከዚያም ያንሳል። ለዚህ ተጨማሪ ምክንያት አለ። የፋሺስት አስተዳደር መስጊድ በማሠራት፣ ዐረብኛን በማበረታታት የሙስሊሙን ልብ ለመግዛት ጥሯል። ይህ መርሕ በኋላ ሙስሊሙን በጅምላ በጥርጣሬ ለማየት ሰበብ ሆነ። በኅዳር 1928 ከአየር በተደበደበችው ደሴ ዙሪያ የኖረው ሙስሊም ግን እንደ ጎረቤቱ ክርስቲያን ቦምቡን ቀምሷል። ስለዚህ ሙስሊሟ ተጋዳይ በሁለት መጋረጃ ተሸፍናለች፤ አንዱ ሴት መሆኗ፣ ሁለተኛው ሙስሊም መሆኗ። ሁለተኛውን መጋረጃ ሌሎች ጥለውት ይሆናል፤ የመጀመሪያውን ለመግለጥ ግን የእኛ እጅ ይበቃ ነበር።

6. ለመምህራንና ለኢማሞች

ከላይ ከተባለው ተነሥቼ ሦስት ነገር አሳስባለሁ።

አንደኛ፣ የሶሓብያትን ተጋድሎ ስናስተምር የዘገባውን ደረጃ አብረን እንናገር። «ይህ በቡኻሪ አለ፣ ይህ በሲራ አለ ሰንሰለቱ ግን የተቋረጠ ነው፣ ይህ ደግሞ በእርሱ ስም ከሚነገር መጽሐፍ የመጣ ነው» ማለት ታሪኩን አያቀዘቅዝም። ልጃገረዶቻችን እውነትን ለመሸከም አቅም አላቸው፤ አርዲቦ ላይ ያየሁት ይህንኑ ነው።

ሁለተኛ፣ ስለ ተጋድሎ ስናወራ የሌላውን ቁስል አንርሳ። «ፉቱሕ አል-ሐበሻ»ን የሚያነብ ሰው የኢማም አሕመድ ሠራዊት እስከ ሐይቅ መድረሱን ያገኛል፤ የኢማሙ ባለቤት ባቲ ድል ወንበራም ባሏን ተከትላ መዝመቷን ያነባል። ከኢማሙ ሞት በኋላም የተማረከ ልጇን ከዐፄ ገላውዴዎስ ወንድም ከሚናስ ጋር አስለውጣ ያስመለሰች ብርቱ ሴት ነበረች። እኛ በብርታቷ ስንደነቅ፣ የሐይቅ እስጢፋኖስ ጎረቤቶቻችን ያንኑ ዘመን በሌላ ዓይን ያስታውሱታል። አብረን በአንድ ውኃ ዳር የምንኖር ነንና የምናስተምረው ታሪክ ጎረቤት ቢሰማው የማያፍርበት ይሁን።

ሦስተኛ፣ እንጠይቅ። በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ሐይቅን፣ ደሴንና ኮምቦልቻን ባዳረሰ ጊዜ እናቶቻችን ያደረጉት ገና በሕይወት ባሉ ሰዎች አፍ አለ። ከዚያ በፊት የነበረው ደግሞ በማለቅ ላይ ነው።

ያች ደረሳ ከጠየቀችኝ በኋላ ለክፍሉ ሁሉ አንድ ሥራ ሰጠሁ፤ እያንዳንዷ ከአያቷ ወይም ከአክስቷ አንድ ዘገባ ከነሰነዱ ታምጣ አልኩ። አብዛኞቹ ባዶ እጃቸውን መጡ። አንዷ ግን የአያቷ እናት በጣሊያን ጊዜ ወደ አምባሰል ተራራ ለሸፈቱ ሰዎች በሌሊት ውኃና ቆሎ ታደርስ እንደ ነበር ሰምታ መጣች። አያቲቱም አክላ፣ «እናቴስ አልተዋጋችም የኔ ልጅ፤ ውኃ ነው ያመላለሰችው» ብላታለች።

ይህን ዘገባ ታሪክ ብዬ አላጸድቀውም። አንድ መንገድ ብቻ ያለው ነው፤ ስንቁን የተቀበሉት ሰዎች ስም የለበትም፣ ዓመቱም አልተወሰነም፤ ደጋፊ ምስክር ያስፈልገዋል። ነገር ግን ልጅ ከአያቷ፣ አያት ከእናቷ የሰማችው ነው፤ ከኸውላ ታሪክ በተለየ የዘጋቢዎቹ ስም ይታወቃል። በዚያ ቀን የኢብኑል ሙነይይርን መልስ ከ«ፈትሑል ባሪ» አውጥቼ ለክፍሉ አነበብሁ። ሰነድ የጠየቀችኝ ደረሳም ዘገባውን ከነዘጋቢዎቹ በደብተሯ ጻፈች፤ ከሥሩም ሁለተኛ ምስክር እስኪገኝ ብላ ባዶ መስመር ተወች።

ወላሁ አዕለም።